ቴፒ ሲወርድ የሚነክሰው ሞተር

«ቴፒ የሚሸጠው ቤንዚን ውሃ አለበት፤ ከደጋ የመጣ ሞተር አይችለውም።» ይህች ወሬ ከጋራዥ ጋራዥ ስትዞር መስማት ሰልችቶኛል። ባለ ሁለት ምቱ አሮጌ ያማሃ ሞተርሳይክል ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ በጅማና በቦንጋ አድርጎ ይመጣል። ሚዛን ተፈሪን አልፎ ቴፒ ከገባ በኋላ ዳገት ላይ ይግላል፣ ጉልበት ያጣል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቀራል። ጥፋቱም ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ በሸጠው ልጅ ላይ ይላከካል።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ቤንዚኑን በሚያሳይ ጠርሙስ ቀድታችሁ ለብቻው አስቀምጡት። ውሃ ካለው ከሥር ይዘቅጣል፤ መለያ መስመሩም በዓይን ይታያል። ደግሞ ውሃ የጠጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ይንተፋተፍና ይጠፋል እንጂ ፒስተን አያቀልጥም።

ባለ ሁለት ምት ሞተር እንዴት እንደሚዞር የትኛውም መካኒክ ያስረዳችኋል። እኔን የሚያሳስበኝ ካርቡራቶሩ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ካርቡራቶር ግን ሚዛን የለውም። የሚያውቀው መምጠጥን ብቻ ነው፦ አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ የግፊቱ ልዩነትም ቤንዚኑን በትንሿ የነሐስ ቀዳዳ ይስባል። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ መካኒኩም ጥቁሩን ጭስ ለማጥፋት ጠበብ ያለች ቀዳዳ ይገጥማል። ቴፒ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ሙቀቷ የሚያቀልለውን ቀንሰንላት እንኳ አየሯ በ10 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ሞተሩ የሚስበው መጠን ያው ነው፤ የሚገባው የአየር ክብደት ግን በ10 በመቶ ይጨምራል። የግፊቱም ልዩነት አብሮ ያድጋል፤ ቤንዚኑ ግን የሚጨምረው በዚህ ልዩነት ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ በ5 በመቶ ብቻ ነው። ጎዶሎው ይኸው ነው። አንጥረኛ ከሰል ሳይጨምር ወናፉን እንደሚያበረታ፣ እሳቱ ይግላል፤ ሲተን ሲሊንደሩን ያቀዘቅዝ የነበረው ትርፍ ቤንዚንም ይቀራል።

እዚህ ላይ መካኒኮች ይቆጡኛል፤ ግማሽ እውነት አላቸው። 5 በመቶ ብቻውን ጤነኛ ሞተር አይገድልም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ድብልቁን የሚስበው በክራንክ ቤቱ በኩል ነው። ስለዚህ የዘንጉ ማገጃ ጎሚኒ ካረጀ ካርቡራቶሩ የማያውቀው አየር ሾልኮ ይገባል። ምልክቱ ጋዝ ሲለቀቅ ዙሩ ቶሎ አለመውረዱ ነው። ቤንዚንም ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። በ2008 (እ.ኤ.አ.) 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል አዲስ አበባ ላይ ይቀላቀል ነበር። ኤታኖል የራሱን ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ ድብልቁን ይበልጥ ያሳሳል፤ ጥቂት ውሃንም አሟሙቶ ከጠርሙሱ ፈተና ይደብቃል።

ከቆላ ወደ ደጋ ሲኬድስ? ካዋሳኪ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሸጣቸው የድሮ ጄት ስኪዎችም ባለ ሁለት ምት ሞተር ይዘዋል። በባሕር ወለል ከፍታ የተስተካከለ ጄት ስኪ ከ1,600 ሜትር በላይ ባለው ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ቢነሳ ችግሩ ይገለበጣል፤ ቤንዚን ይበዛበትና ይጨሳል።

ስለዚህ ከደጋ የመጣ ሞተር የገዛችሁ፣ ዳገት ወጥታችሁ ሞተሩን ወዲያው አጥፉና ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ መንዳት ትችላላችሁ። ከነጣ ግን ጎሚኒውን አስፈትሹ፣ ቀዳዳዋን ሰፋ ባለች ቀይሩ፣ እስከዚያው አትንዱት። ከቴፒ ወደ ደጋዋ ማሻ ስትወጡ ጥቁር ጭስ ካያችሁ ደግሞ ጠባቧን ቀዳዳ መልሳችሁ አትግጠሙ፤ ወደ ቴፒ ትመለሳላችሁና።