ስሙ የትሪፋላ፣ ሥራው የሰናመኪ

ጠጋ በሉ፤ ይህ ደንበኛ ፊት የማይወራ ነው። የምሠራው ዱባይ፣ የሕንድ አዩርቬዳ ቅመማ ቅመምና ዱቄት ከሚራገፍበት መጋዘን ነው። ጆንያ እንፈታለን፣ እናበጥራለን፣ እንመዝናለን፣ አሽገን ለሱቆች እናከፋፍላለን። ከሁሉ ቶሎ የሚያልቀው የሆድ መድኃኒት ነው፤ ለድርቀቱም፣ ለመነፋቱም፣ «ጨጓራዬን አቃጠለኝ» ለሚለውም። ገዢው ዕቃው ላይ የተሳሉትን ፍሬዎችና «ጥንታዊ ጥበብ» የሚለውን አይቶ ይከፍላል፤ የቀረውን ውስጡን ለቄስ ነው። ውስጡን የምናውቀው እኛ ነን።

በትሪፋላ ልጀምር፤ ስለ አዩርቬዳ የሆድ መድኃኒት ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነውና። አማላኪ፣ ቢቢታኪና ሃሪታኪ የሚባሉ ሦስት የደረቁ ፍሬዎች ጠንካራው ዘራቸው ወጥቶ፣ ሥጋቸው ብቻ እኩል ተመዝኖ ይፈጫል። ታኒን ስለሚበዛባቸው እንዳልበሰለ ሙዝ ምላስ ያኮማትራሉ። ዘሩን ማውጣት ደግሞ ጉልበት ይበላል፣ ክብደትም ያስቀንሳል፤ ስለዚህ ርካሽ ዱቄት ሲገጥማችሁ ከነዘሩ ተፈጭቶ እንዳይሆን ጠርጥሩ። ዕቃ የሚረከበው ሰውዬአችን ሃሪታኪ ሲመጣለት ከጆንያው መሃል አንድ እፍኝ ዘግኖ የውኃ ባልዲ ውስጥ ይጥለዋል። የሰመጠው ይገባል፣ የተንሳፈፈው ይመለሳል። ፈተናው የእሱ ፈጠራ አይደለም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ባቫፕራካሻ የተባለው የሕክምና መጽሐፍም ጥሩ ሃሪታኪ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል ይላል። ዱቄት የሚገዛ ሰው ግን ያለው ምላሱ ብቻ ነው። ትሪፋላ ቀምሳችሁ ምላሳችሁን ካላኮማተረው፣ ሌላ ነገር በዝቶበታል።

ንጹሕ ትሪፋላ ሆድን ቀስ ብሎ ያለሰልሳል እንጂ አያስሮጥም። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መደርደሪያ ልሞላ ወደ አንዱ ሱቅ በተላክሁበት ቀን፣ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ ንጹሑን ዕቃ ይዛ መጣች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ነገር የውሸት ነው እንዴ?»

«ምን ሆነ እህቴ?»

«ምንም! ጓደኛዬ የወሰደችው እኮ በማግሥቱ ነው ጥርግ ያደረገላት።»

ጓደኛዋ የወሰደችውን ዓይነት አውርጄ ጀርባውን አሳየኋት። ፊቱ ላይ ትሪፋላ ይላል። ጀርባው ላይ ሦስቱ ፍሬዎች ተዘርዝረው ካለቁ በኋላ፣ በደቃቅ ፊደል «ስዋርናፓትሪ» የሚል ገብቷል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሰናመኪ።»

ሳቀች። «እሱንማ እናቴም ታውቀዋለች! ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ድርሃም የከፈለችው?»

እንዳትፈርዱባት። ሱቁ የሚያየው ግን ንጹሑ ሲመለስ፣ ሰናመኪ ያለበት ሲደገም ነው። በሚቀጥለው ወር የትኛው በብዛት እንደሚታዘዝ ገምቱት። ዱቄቱን የሚቀምመው ፋብሪካ ሳይሆን የገዢው ችኮላ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሰናመኪ፣ በአጭሩ ሰና፣ መርዝ አይደለም፤ በዘመናዊ ፋርማሲም በክኒን ይሸጣል። ሴኖሳይድ የሚባለው ንጥረ ነገሩ ጨጓራንና ቀጭን አንጀትን አልፎ ትልቁ አንጀት ሲደርስ፣ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይፈቱታል። ያኔ አንጀቱን እየቆነጠጠ ያስገፋዋል፣ ውኃውም ከሰገራው ጋር እንዲቀር ያደርጋል። ይህ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል፤ ማታ የወሰደው ሰው ጠዋት የሚሮጠው በዚህ ሂሳብ ነው። ግን ያወጣል እንጂ ምግብ አይፈጭም። ያለ ሐኪም ከ1 ወይም ከ2 ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ ይመከራል፤ ሲደጋገም ፖታሺየም ከሰውነት ይጠርጋል። «የሆድ ማጽጃ» እያሉ ለወራት ማታ ማታ የሚጠጡትን ሳይ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እላለሁ። ሰና፣ ሶናሙኪ፣ ስዋርናፓትሪ፣ ካሲያ አንጉስቲፎሊያ፤ ዕቃው ጀርባ ላይ ከአራቱ አንዱን ካያችሁ ቅጠሉ ያው ነው።

ሌላው የመጋዘን ወሬ ሂንግ ነው። ፌሩላ የሚባል ተክል ሥሩ ሲበጣ የሚወጣ ሙጫ ሲሆን፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከኢራንና ከኡዝቤኪስታን ወደ ሕንድ ይገባል። በየወጡ ሂንግ የሚጨምረው አገር የራሱን ለማልማት ሂማሊያ ውስጥ ላሃውል በተባለው ሸለቆ ችግኝ የተከለው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ሽታው የሻዩንም የሄሉንም ጆንያ ስለሚበክል በድርብ ታሽጎ ለብቻው ይቀመጣል። የጥሬው ሽታ በጣም ስለሚከብድ ለገዢ የሚቀርበው ከስንዴ ወይም ከሩዝ ዱቄትና ከሌላ ሙጫ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ይህ የተለመደ አሠራር እንጂ ማጭበርበር አይደለም፤ ግን ስንዴ የማይስማማው ሰው ለሆድ መነፋት ብሎ ገዝቶ ብሶበት ሊመለስ ይችላል።

አዩርቬዳ ራሱ እንደ ገዢው አይቸኩልም። ቻራካ ሳምሂታን የመሳሰሉት ጥንታውያን መጻሕፍት የምግብ መፈጨትን አግኒ ከሚሉት የሆድ እሳት ጋር ያያይዙታል፤ እሳቱ የተስተካከለ፣ የሚዋዥቅ፣ የሚንቦገቦግ ወይም የደከመ ይሆናል። ለደከመው ትሪካቱ ይሰጣል፤ ደረቅ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና የኛ ጥምዝ ዘመድ የሆነው ፒፓሊ እኩል ተፈጭተው። ለሚዋዥቀው፣ ሂንግ የገባበት የስምንት ቅመም ዱቄት በቅቤ ተለውሶ ከመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች ጋር ይበላል። ለሚንቦገቦገው፣ ማለትም ለሚያቃጥለው ሆድ፣ ትሪካቱ አይሰጥም። ሱቅ ውስጥ ግን «ለምግብ መፈጨት» የሚል ተለጥፎበት ለሁሉም ይሸጣል፤ ጨጓራው የሚያቃጥለውም ገዝቶት ይሄዳል።

ከእነዚህ መካከል ዝንጅብል ጥሩ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት 24 ጤነኛ ሰዎች 1.2 ግራም ዝንጅብል ሲወስዱ፣ የጨጓራቸው ግማሽ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ከ27 ደቂቃ ገደማ ወደ 13 ወርዷል። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፓይፐሪን ደግሞ ሌሎች መድኃኒቶች ወደ ደም የሚገቡበትን መጠን ይጨምራል፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን አንዱ ነው። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ፓይፐሪን ያለበትን እንክብል ከመግዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

አሁን ደግሞ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። እ.ኤ.አ. በ2004 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ ቦስተን አካባቢ ካሉ ሱቆች ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። ሁሉም በስህተት የገባ አይደለም፤ ራሳ ሻስትራ የሚባለው የአዩርቬዳ ዘርፍ ብረታ ብረትን አቃጥሎ ሆን ብሎ ይጨምራል። «ብሃስማ» ወይም «ፓራድ» የሚል ካነበባችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ወደ ውጭ የሚላክ የዕፅዋት መድኃኒት እንዲመረመር አዛለች፤ ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣው ግን በዚያ በር አያልፍም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ ወይም ክብደታችሁ ሳታስቡት ከቀነሰ ደግሞ መሄድ ያለባችሁ ወደ ሱቅ ሳይሆን ወደ ሐኪም ነው።

እኛ የመጋዘኑ ሰዎችስ ሆዳችን ሲታመም ምን እንወስዳለን? ከጉጅራት የመጣው ባልደረባዬ ድርቀት ሲይዘው አንድ ማንኪያ ኢሳብጎል፣ የአንድ ዘር ገለባ ነው፣ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ቶሎ ይጠጣና ሌላ ብርጭቆ ውኃ ይደግማል። ውኃው ካነሰ ጉሮሮ ላይ አብጦ ያንቃል። ከ1 እስከ 3 ቀን ይታገሠዋል። ሲነፋው እኛ ነጭ አዝሙድ የምንለውን አጅዋይን ቆላ አድርጎ ያኝካል። እኔ ከምግብ በፊት ዝንጅብል በጨውና በሎሚ አኝካለሁ። ሦስቱም ሥዕል በሌለው ጆንያ ይመጣሉ፣ በኪሎ ይሸጣሉ፣ ትርፋቸውም ትንሽ ነው፤ ማስታወቂያ የሚሠራላቸው ያጡትም ለዚህ ነው።