ፍግ የማትወድ ተክል

የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፎኝ ነበር። ጥፋቴ ተክሉን መግደሌ ነው። ዕድሜዬን በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ወጣሁና ባለፈው ሰኔ ልጄን ልጠይቅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሄድኩ። ነሐሴ ላይ ከቡና ሲኒ ብዙም በማይበልጥ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያለች አንዲት ተክል በእጄ ላይ ሞተች።

ቪነስ ፍላይትራፕ ትባላለች፤ ያቺ ዝንብ የምትበላዋ ተክል ናት። ለማሙሽ ለልደቱ የተገዛችለት ነበረች። ሳያት የከሳች መሰለችኝ። አፈሩም ቡናማ ገለባ ነገር እንጂ አፈር አይባልም። እኔ ደግሞ ጓሮዬ ጤና አዳምና በሶብላ ሳሳድግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «ምነው በባዶ አፈር ይሸጧታል?» አልኩና ፍግ የገባበት ለም አፈር ከልጄ አትክልት ቦታ አምጥቼ አዛወርኳት። ጠዋትና ማታም የቧንቧ ውሃ አጠጣኋት። በሦስተኛው ሳምንት ጠቁራ ቀረች።

ማሙሽ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም። የእኔም እንግሊዝኛ የበሽተኛ ካርድ ላይ የሚጻፈው ዓይነት ነው። ከዚያች ተክል በቀር የጋራ ወሬ አልነበረንም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እሷን ስገድል ወሬያችንንም ገደልኩት። በአራተኛው ቀን ግን ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ተውሶ መጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ሥዕሉን እያሳየ፣ እኔም ቃላቱን እየለቀምኩ ጥፋቴን አነበብን።

እነዚህ ዕፅዋት ነፍሳት የሚበሉት ሆዳም ሆነው አይደለም። የሚበቅሉበት ረግረግ ናይትሮጅን ያነሰው ድሃ አፈር ስለሆነ ነው። ጉልበታቸውን እንደ ማንኛውም ተክል ከፀሐይ ብርሃን ያገኛሉ፤ ከአፈሩ ያጡትን ደግሞ በቅጠላቸው ይዘው ያሟላሉ። ሥራቸው ማዳበሪያ አያውቅም፤ ያቃጥለዋል። እኔ ያደረግኩት በአፉ ለሚበላ ሰው በደም ሥሩ ወጥ እንደመስጠት ነው! የቧንቧው ውሃም ቢሆን ውስጡ የሟሟው ማዕድን አፈሩ ላይ እየተጠራቀመ ይመርዛቸዋል።

ልጄ ሁለት አዳዲስ ተክሎች ገዛችልን። ከምድር ቤቱ አንድ ጥግ ባለሦስት ደርብ የብረት መደርደሪያ ሰጠችንና ሥራ ጀመርን።

አፈሩ ፒት የሚባለው፣ በረግረግ ውስጥ ለዘመናት የተጠራቀመ የስፋግነም ብስባሽ ነው። ከፐርላይት፣ ማለትም ከዚያ ነጭ ቀላል ጠጠር ጋር ይደባለቃል። ሁለቱንም ስትገዙ ማዳበሪያ ያልተጨመረበት መሆኑን ከከረጢቱ ላይ አንብቡ፤ ተጨምሮበት የሚሸጥም አለ። እዚህ ላይ የሙያዬን ልናገር። ስፋግነም ላይ የሚኖር አንድ ፈንገስ በተቧጨረ ቆዳ ገብቶ የማይድን የሚመስል ቁስል ያወጣል፤ ስለዚህ ጓንት ይደረግ። የፐርላይት ብናኝም ለሳንባ ደግ አይደለም፤ መጀመሪያ ውሃ አርከፍክፉበት። ማሙሽ ጓንትና ጭምብል አድርጎ ሲያቦካ ላየው ኦፕራሲዮን ክፍል የገባ ይመስል ነበር።

ማሰሮው ፕላስቲክ ይሁን፤ ሸክላ ማዕድን ያወጣል ተባልኩ። ከታች ቀዳዳ ያለው ሆኖ ትሪ ላይ ይቀመጥና ትሪው ላይ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይደረጋል። ውሃው የዝናብ ወይም የተጣራ ነው። በውሃ ውስጥ የሟሟን ነገር የምትለካ እስክሪብቶ የምታክል መሣሪያ አለች፤ ከ50 በታች ስታሳይ ደህና ነው። የልጄ ቤት ቧንቧ ከ200 በላይ አሳየን። ማሙሽ ቁጥሩን ካየ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ ምንም አላልኩም። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ሲጠቁር ሁለታችንም ባልዲ ይዘን እንወጣለን።

ስለ ትሪው ውሃ ግን ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። አርባ ምንጭ አካባቢ ወባ ላይ ስሠራ ስንት ዓመት «የቆመ ውሃ አፍስሱ፣ አፋሱ» እያልኩ በየቤቱ የዞርኩ ሰው ነኝ። አሁን በገዛ እጄ የቆመ ውሃ በትሪ አሰልፌ! በየአምስት ቀኑ ትሪዎቹን ደፍተን፣ አጥበን፣ እንደገና እንሞላለን ብዬ ደነገግኩ። የትንኝ ዕጭ ክንፍ ለማውጣት ጊዜ ስለማያገኝ ይህ ይበቃል።

ምድር ቤት ፀሐይ ስለሌለ ነጭ የኤል ኢ ዲ መብራት ከተክሎቹ በላይ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሰቀልን፤ በሰዓት መቁጠሪያ በቀን 14 ሰዓት ይበራል። ብርሃን ሲያንሳቸው ቅጠላቸው ይረዝማል፣ ይልፈሰፈሳል፤ ሲበቃቸው የወጥመዳቸው ውስጥ ይቀላል። ሦስተኛ ያመጣናት ድሮሴራ ካፔንሲስ፣ የደቡብ አፍሪካ ኬፕ ተወላጅ፣ ይህን በደንብ ትናገራለች። ቅጠሏ ላይ እንደ ማር የሚያጣብቅ ጤዛ ካለ ተመችቷታል ማለት ነው። ለጀማሪ ከእሷ የሚቀል አላየሁም። ሳራሴኒያ የሚባለው ባለ ረጅም ቀንድ ግን ቤት ውስጥ አይሆንለትም፤ ከበረንዳ ደረጃው አጠገብ ፀሐይ ላይ አኖርነው፤ ተርቦችን እየሳበ በቀንዱ ውስጥ ያስቀራቸዋል።

ማሙሽን ከባድ የነበረበት አለመንካት ነው። በወጥመዷ ውስጥ ቀጫጭን ፀጉሮች አሉ፤ በሃያ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለቴ ከተነኩ ነው የምትዘጋው። አንድ ጊዜ የወደቀ የዝናብ ጠብታ እንዳያታልላት ትቆጥራለች ማለት ነው። አንዱ ወጥመድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው፤ በጣት እያስቆጡ መዝጋት ጉልበቷን መጨረስ ነው። የጥሬ ሥጋ ቁራጭ ሊሰጣት ሲል ደርሼበታለሁ። ሥጋ ይበሰብስባታል። ከወጥመዷ ሲሶ የማይበልጥ ነፍሳት በሁለት ሳምንት አንዴ በቂ ነው።

አንድ እሑድ ዋሽንግተን ከኮንግረስ ሕንፃ አጠገብ ያለውን የአሜሪካ የዕፅዋት ማዕከል አየን። መግቢያው ነፃ ነው። ቪነስ ፍላይትራፕ በተፈጥሮ የምትበቅለው በሰሜንና ደቡብ ካሮላይና የባሕር ዳርቻ ሜዳ ብቻ እንደሆነ አንብቤ ገረመኝ፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቃት ተክል አገሯ ያን ያህል ጠባብ ነው። በሰሜን ካሮላይና ከዱር ነቅሎ መስረቅ በፈረንጆቹ ከዲሴምበር 2014 ጀምሮ ከባድ ወንጀል ነው። ስትገዙ አባዝቶ ከሚሸጥ ሰው ግዙ።

ኅዳር ላይ ሁለቱም ፍላይትራፖች መጥቆር ጀመሩ። ማሙሽ ከምድር ቤቱ «እማማ!» ብሎ ሲጮህ ደረጃውን በስንት እርምጃ እንደወረድኩ አላውቅም። ፊቱን አይቼ ያ የነሐሴው ነገር ተመለሰ ብዬ ልቤ ወደቀ። ሊጥላቸው ነበር። «ቆይ፣ የሞተ ሰው እንኳ ሳይመረመር አይቀበርም» አልኩት፤ ገብቶት ይሁን አይሁን አላውቅም። አፈሩን በጣቴ ገለጥ አድርጌ ግንዱን ጫን አልኩት፤ ነጭና ጠንካራ ነው። የበሰበሰ ቢሆን ቡናማና ልፍስፍስ ይሆን ነበር። የእሱንም ጣት ይዤ አስነካሁት።

እንቅልፍ ነው። ካሮላይና ክረምት አላት፤ ተክሏም በየዓመቱ ከሦስት እስከ አራት ወር ብርድ ትፈልጋለች፤ ያለዚያ ከዓመት ዓመት ትደክማለች። ከመብራቱ አውጥተን ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ መስኮት ሥር፣ ሙቀቱ ከ0 እስከ 10 ዲግሪ በሚሆንበት አስቀመጥናቸው። ውሃውንም ቀነስን፤ እርጥበት ይበቃቸዋል። ድሮሴራዋ እንቅልፍ ስለማያስፈልጋት መብራቷ ሥር ቀረች።

ታኅሣሥ ላይ ወደ አገሬ ተመለስኩ፤ ሳይነቁ ነው የተለየኋቸው። አንድ ሁለቱን በሻንጣ ልክተት ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ፍላይትራፕና ሳራሴኒያ ዓለም አቀፍ የዱር ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ውስጥ ስላሉ ያለ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ድንበር አይሻገሩም። ተውኩት። የአዲስ አበባ ቀን ለስለስ፣ ሌሊት ቀዝቀዝ ማለት የእስያ ተራሮች ላይ ለሚበቅለው ኔፔንተስ የሚስማማ ነው እንጂ ለእነሱ በቂ ብርድም የለንም። በአገራችንም ቢሆን በረጋ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ዩትሪኩላሪያ የሚባል ሥጋ በል አለ፤ በጥቃቅን ከረጢቶቹ የትንኝ ዕጭ ይመጥጣል። ይህን አርባ ምንጭ ሳለሁ ባውቅ ስል ለብቻዬ ሳቅሁ።

መጋቢት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ስልኬ በሌሊት ጮኸ። ማሙሽ ነው፤ የሰዓቱን ልዩነት ረስቶታል። ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጋራዡ መስኮት ሄደና ማሰሮውን ለካሜራው አስጠጋ። ከጠቆረው መካከል የስንዴ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነገር ወጥታለች።

«እማማ፣ ነቃች» አለ፤ በአማርኛ።