ከልደት የመጣ ምልክት በልደት ቀን ይጻፍ

በደቡብ ጎንደር ደጋ ሕፃን ተጠቅልሎ ነው የሚያድገው። ከጉና ግርጌ እስከ ላይ ጋይንት ባለው ብርድ፣ የአራስ ልጅን ጀርባና መቀመጫ ከምታጥበው ሰው በቀር የሚያየው የለም። ስለዚህ ከወገቡ በታች ያለ አመድማ ሰማያዊ ምልክት ለሌላ ሰው ዓይን የሚጋለጠው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ፣ ወይም ለ45 ቀን ክትባት ጤና ጣቢያ ሲወሰዱ። አንዱ «ማርያም ሳመችው» ብሎ ሲያልፈው ሌላው «ማን ጣለው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥርጣሬው ያዋለደችው ባለሙያ፣ ሕፃኑን ያዘለች እኅት ወይም እናቲቱ ራሷ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ነገር ግን ለዚህ ጥርጣሬ በር የሚከፍተው ምልክቱ ራሱ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ሰውነቱን አይቶ የጻፈ ሰው አለመኖሩ ነው።

ምልክቱ ከጉዳት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ከጥልቁ የቆዳ ክፍል ወደ ላይኛው ይጓዛሉ። አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ቀለማቸው ጥቁር ወይም ቡናማ ቢሆንም በላያቸው ያለው ቆዳ ብርሃኑን ስለሚበትነው፣ ጉና ከሩቅ ሲያዩት ሰማያዊ እንደሚመስል ሁሉ ሰማያዊ መስለው ይታያሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ኤርዊን ቤልዝ እ.ኤ.አ. በ1885 ጃፓን ሆኖ ስለዚህ ምልክት ጽፏል። በአፍሪካና በእስያ ሕፃናት ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። ሲወለዱ ወይም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜም ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት እየደበዘዘ ይጠፋል። ሕክምና አያስፈልገውም።

ታዲያ ከበለዘ ቆዳ በምን ይለያል? ቀለሙን በማየት ብቻ መፍረድ አስቸጋሪ ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ የበለዘ ቦታ ራሱ በግልጽ አይታይም። አስተማማኙ ዳኛ ጊዜ ነው። የበለዘ ቦታ ሲነካ ያማል፣ ሊያብጥ ይችላል፣ በቀናት ውስጥ ቀለሙን ይለዋውጣል፣ በሁለት ሳምንት ገደማም ይጠፋል። የልደት ምልክት ግን ሲነካ አያምም፣ አያብጥም፣ ከሳምንት በኋላም እዚያው እንዳለ ይገኛል። ሆኖም ስሕተቱ በሌላው በኩልም አለ። ገና መገላበጥ ያልጀመረ ሕፃን ራሱን አጋጭቶ የመበለዝ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለ ልጅ ላይ አዲስ የበለዘ ቦታ ከታየ ቸል ሊባል አይገባም። አንድም ሰው ጎድቶት ይሆናል፣ አንድም በቫይታሚን ኬ እጥረት ወይም በሌላ ሕመም ደሙ መርጋት አቅቶት ይሆናል። ሁለቱም ፈጥኖ ሐኪም ማየትን ይጠይቃሉ። «የተፈጥሮ ነው» ብሎ ማለፍም ሕፃን ሊገድል ይችላል።

በውጭ አገር ይህ ጥያቄ ሕጋዊ መልክ ይዟል። በአሜሪካ ሐኪሙ ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1962 ስለተደበደቡ ሕፃናት የጻፉት ጥናት ሐኪሞችን ካነቃ በኋላ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁሉም ግዛቶች ጥርጣሬን ሪፖርት የማድረግ ግዴታ ደነገጉ። ሕጉ ብዙ ልጆችን ታድጓል፤ ነገር ግን የሕክምና መማሪያ ሥዕሎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ በነበሩበት ዘመን የተማረ ዓይን በጥቁር ሕፃን መቀመጫ ላይ ያለውን ሰማያዊ ምልክት እንደ ጉዳት ሊያየው ይችላል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት እንዲህ ያለው ምልክት በሕፃኑ የሕክምና መዝገብ ላይ እንዲሰፍር የሚመክረው ለዚህ ነው። ከደብረ ታቦር ወጥቶ በዋሽንግተን አካባቢ ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብም አንዲት የተጻፈች መስመር ከረጅም ማስረዳት ትበልጣለች።

«ይህ የውጭ አገር ጣጣ ነው፤ እዚህ ማን ወላጅን ይከሳል?» የሚል ይኖራል። በእኛም አገር ግን በ1996 ዓ.ም. የጸደቀው የወንጀል ሕግ ልጅን ማንገላታትን ይቀጣል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ባይደርስ እንኳ በጎረቤት ሐሜት የሚፈርስ ትዳርና በቤተሰብ ቁጣ የምትሸማቀቅ አዋላጅ ነርስ ቀላል ነገር አይደሉም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ ምልክቱን ማስተዋወቅ ለደብዳቢ መሸሸጊያ አይሆንም ወይ? ምዝገባው ግን የሚሠራው በተቃራኒው ነው። በልደት ቀን የነበረው ምልክት ከነቦታው ከተጻፈ፣ ከወር በኋላ በጆሮ፣ በአንገት ወይም በሆድ ላይ የሚታየው አዲስ ነገር የሚደበቅበት ያጣል። የሥራ ብዛትም በቂ ምክንያት አይሆንም። በጤና ተቋም የተወለደ ሕፃን ለመመዘንና ቫይታሚን ኬ ለመወጋት መገለጡ አይቀርም፤ የሚጨመረው ገልብጦ ማየትና መጻፍ ብቻ ነው። ቤት የተወለደውን ደግሞ አራስ ልትጠይቅ የምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ልታየው ትችላለች።

ስለዚህ የሚጠየቀው አዲስ ማሽን ወይም አዲስ በጀት አይደለም። ከደብረ ታቦር ሆስፒታል እስከ ገጠሩ ጤና ኬላ በክትባት ካርዱ ላይ «ምልክት፦ የት፣ ምን ያህል፣ መቼ ታየ» የምትል አንዲት መስመር ትጻፍ፤ ለእናቲቱም ትነገራት። እናቶችም ልጃችሁን ይዛችሁ ከጤና ተቋም ከመውጣታችሁ በፊት ጀርባውን አሳዩ፣ ያዩትንም አስጽፉ።