የመስኮት መጋረጃ አመራረጥ

ቤት የሚሠራው ሰውን ከዝናብ፣ ከፀሐይ፣ ከብርድና ከአውሬ ለመከለል ነው። ይሁን እንጂ ዙሪያውን የተደፈነ ቤት ብርሃንና አየር ያጣል። ስለዚህ ሰው ግድግዳውን ከሠራ በኋላ ከፊሉን መልሶ ይከፍተዋል፤ ይህም ክፍት ቦታ መስኮት ይባላል። መስኮት ከተከፈተ ደግሞ ሌላ ችግር ይከተላል። ከብርሃኑ ጋር ሐሩር፣ ከአየሩ ጋር አቧራና ብርድ ይገባል። የቤቱ ሰው ወደ ውጭ በሚያይበት መስኮት መንገደኛውም ወደ ውስጥ ያያል። መጋረጃ ያስፈለገው ይህን ሁሉ እንደየሰዓቱ ለመቆጣጠር ነው። ሲያስፈልግ ይዘጋል፤ ሲያስፈልግ ይከፈታል። ከዓመት እስከ ዓመት የማይከፈት መጋረጃ ግን ከጨርቅ የተሠራ ግድግዳ ነው።

መጋረጃ ለኢትዮጵያ እንግዳ ዕቃ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ የሚጋረደው በመጋረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አፄ ልብነ ድንግል መልእክተኞችን ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆነው ያነጋግሩ እንደ ነበር ጽፏል። በጎንደር ዘመን ከሐር ክር የተሠራ አንድ ትልቅ መጋረጃም ዛሬ በለንደን ከተማ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። እነዚህ መጋረጃዎች የተሰቀሉት ለመከለልና ክብርን ለመግለጽ ነበር። የመስኮት መጋረጃ ሥራ ግን ከዚህ ይለያል። የሣር ጎጆ ብርሃን የሚያገኘው በአብዛኛው በበሩ ስለ ሆነ የመስኮት መጋረጃ ብዙም አያስፈልገውም። ባለ መስተዋት መስኮት በከተማ ቤቶች ከተስፋፋ በኋላ ግን መጋረጃ የብዙ ቤተሰብ ወጪ ሆነ።

ብዙ ሰው መጋረጃ ሲገዛ በቅድሚያ የሚያስበው እንግዳ ሲገባ ስለሚያየው ጌጥ ነው። ጨርቁ በከበደና በረዘመ መጠን ቤቱ የከበረ ይመስለዋል። ይህ አሳብ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአዲስ አበባ በአንዲት ባለ አንድ ክፍል ቤት የሚኖር ቤተሰብ አለ እንበል። ክፍሉ ያለው አንድ መስኮት ብቻ ሲሆን እርሱም መንገድ ዳር ነው። እናት መንገደኛው ወደ ውስጥ እንዳያይ ብላ፣ ለበዓልም ቤቱ እንዲያምር አስባ፣ ወፍራም ቀይ መጋረጃ ገዝታ ከላይ እስከ ታች ትሰቅላለች። ቤቱ በእርግጥ ያምራል። ነገር ግን ተማሪው ልጅ በቀትርም መብራት ካላበራ መጽሐፉን ማንበብ አይችልም። መጋረጃው ስለ ከበደ መስኮቱን ለመክፈት የሚነሣሣ የለም። የወጥ ሽታና የከሰል ጢስ በጨርቁ ላይ ያድራል፤ የሚያስሉት አያትም ሳል ይብስባቸዋል። እናት ሁለት በጎ ነገሮችን ፈልጋ ሌሎች ሁለት አጣች። መጋረጃ መምረጥ ማለት እንግዲህ እነዚህን ጥቅሞች አንዱን በሌላው ሳይጎዱ ማስታረቅ ማለት ነው።

በመጀመሪያ መስኮቱ ወደየት አቅጣጫ እንደሚመለከት ማወቅ ይገባል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች በቀትር ፀሐይ ከፍ ብላ ትታያለች። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ደግሞ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ሰሜን ጥቂት ታጋድላለች። ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ ያሉት መስኮቶች የጣራው ክፈፍ ረዘም ካለ ከቀትር ፀሐይ ይጠለላሉ። በምሥራቅና በምዕራብ ያሉት ግን ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ስለምትገባባቸው ክፈፉ አያድናቸውም። የምሥራቁ መስኮት በደጋ አገር የጧት ሙቀት የሚገኝበት ስለ ሆነ መጋረጃው ማለዳ ቢከፈት ይጠቅማል። የምዕራቡ መስኮት ከቀትር በኋላ የተጠራቀመ ሙቀት ስለሚያስገባ ጠበቅ ያለ ጨርቅ ይፈልጋል።

ቀጥሎ የአገሩ አየር ይታሰባል። ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ሌሊቱ ብርድ ነው። በዚያ ገበር ያለው መጋረጃ ማታ ሲዘጋ በጨርቁና በመስተዋቱ መካከል የሚታገደው አየር የቤቱ ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ ይረዳል። 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በድሬዳዋ ግን የሚፈለገው ተቃራኒው ነው። የፀሐይ ጨረር አንድ ጊዜ መስተዋቱን አልፎ ከገባ በኋላ ጨርቁን ያሞቃል፤ ጨርቁም ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይመልሳል። ስለዚህ ሐሩርን ከውጭ ማገድ ከውስጥ ከማገድ ይሻላል። በቆላ ከተሞች በመስኮት ውጭ የሚገጠም ርብራብ የእንጨት መዝጊያ፣ ሰፊ ክፈፍ ወይም በመስኮቱ አንጻር የተተከለ ዛፍ ከወፍራም መጋረጃ የበለጠ ያገለግላል። መጋረጃ ከተሰቀለም ወደ መስተዋቱ የሚዞረው ገጹ ነጭ ቢሆን ብርሃኑን ወደ ውጭ ይመልሳል። ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ መጋረጃ ትንኝን እንደማያግድ መዘንጋት የለበትም። ለመስኮቱ የሽቦ ወንፊት፣ ለመኝታውም አጎበር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ጉዳይ የጨርቁ ዓይነት ነው። አቡጀዲ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ለማጠብም ይመቻል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው አጠባ ያጥራል። ሸማኔ የሚሠራው ስስ የጥጥ ሸማ ብርሃንን አለዝቦ ያስገባል፤ በጠርዙ ጥለት ሲኖረው ያለ ሌላ ጌጥ ያምራል። የፖሊስተር ጨርቅ እምብዛም አያጥርም፤ ቶሎም ይደርቃል፤ እሳት ሲነካው ግን ይቀልጣል። ዳንቴልና ሌላም ስስ ጨርቅ ቀን ቀን ገመናን ይሸፍናል፤ ምክንያቱም ከውጭ ያለው ብርሃን ከውስጡ ስለሚበልጥ መንገደኛው የሚያየው ጨርቁን ብቻ ነው። ማታ መብራት ሲበራ ነገሩ ይገለበጣል፤ በውስጥ ያለው ሰው ከውጭ በግልጽ ይታያል። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤቶች ለቀን ስሱን፣ ለማታ ወፍራሙን ደርበው ይሰቅላሉ። ቀለሙንም በሚመለከት፣ ደማቅ ቀለም በፀሐይ ስለሚለቅ ለምዕራብ መስኮት አይመከርም። ጠባብና ጨለም ላለ ክፍል ነጣ ያለ ቀለም ይስማማዋል።

ጨርቁ ከተመረጠ በኋላ ልኩ በሜትር ይወሰዳል። በግምት የሚገዛ ሰው ወይ ያጥረዋል፣ ወይ ገንዘቡን ያባክናል። ለምሳሌ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱም እንደዚሁ የሆነ መስኮት አለ እንበል። መጋረጃው ሲከፈት መስተዋቱን እንዳይሸፍን ዘንጉ በግራና በቀኝ 20 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ርዝመቱም 1 ሜትር ከ60 ይሆናል። ጨርቁ እጥፋት እንዲኖረው ከዘንጉ ርዝመት አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወርዱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ጨርቅ ሁለት ቁራጭ ቢገዛ 3 ሜትር ስለሚሞላ ይበቃል። ዘንጉ ከመስኮቱ በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢገጠም፣ ጨርቁም ከመስኮቱ በታች 20 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ቁመቱ 1 ሜትር ከ55 ይሆናል። ለላይና ለታች እጥፋት 15 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር እያንዳንዱ ቁራጭ 1 ሜትር ከ70፣ ሁለቱ ደግሞ 3 ሜትር ከ40 ይሆናሉ። ጨርቁ ጥጥ ከሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ተጨምሮ ከመቆረጡ በፊት መታጠብ አለበት።

አሁን ወደ ምሳሌው ቤተሰብ እንመለስ። ለዚያች ቤት የሚስማማው ግማሽ መጋረጃ ነው። በመስኮቱ ወገብ ላይ ሽቦ ወይም ቀጭን ዘንግ ተወጥሮ ነጭ የአቡጀዲ ጨርቅ በታችኛው ክፍል ብቻ ይሰቀላል። መንገደኛው ከጨርቁ በላይ አሻግሮ አያይም፤ ብርሃኑ ግን በላይኛው ክፍል ይገባል። የላይኛውን መስኮት ከፍቶ አየር ማስገባትም ይቻላል። ቀዩ መጋረጃም መጣል አያስፈልገውም፤ ማታ ማታ ይዘጋል፣ ጧት በግራና በቀኝ ተሰብስቦ ይታሰራል። ተማሪው ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ቢያስጠጋ እስኪመሽ ድረስ ያለ መብራት ያነባል። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ጥቂት ጨርቅና አንድ ሽቦ ነው።

የአየር መለዋወጥ ነገር በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1882 የሳምባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ተሕዋስ ማግኘቱን አስታወቀ። ይህ ተሕዋስ በሽተኛው ሲያስል በአየር ይሠራጫል፤ አየሩ በማይለዋወጥበት ክፍልም ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ንጹሕ አየር ሲገባ ብዛቱ ይቀንሳል፤ ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃንም ይገድለዋል። እርግጥ መስኮት መድኃኒት አይደለም፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባዋል። ከዚህ የከፋው አደጋ ግን በብርድ ሌሊት የተቀጣጠለ ከሰል ወደ ቤት አስገብቶ በሩን፣ መስኮቱንና መጋረጃውን መዝጋት ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ስለ ሆነ የተኛው ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። መጋረጃ ብርድን በመጠኑ ይከላከላል፤ ከሰል ያለበትን ክፍል መዝጊያ ግን ሊሆን አይገባም።

በመጨረሻም ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ነገሮች አሉ። መጋረጃ ከምድጃ፣ ከሻማና ከኩራዝ መራቅ አለበት፤ ነፋስ ሲነፍስ ጨርቁ እስከ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ መመልከት ያሻል። በገመድ የሚሳብ መጋረጃ ባለበት ቤት ደግሞ ገመዱ ሕፃናት ከማይደርሱበት ከፍታ ላይ መታሰር አለበት፤ በአንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ ሊያንቃቸው ይችላልና። ጨርቁም አቧራ ስለሚይዝ በየጊዜው ይራገፋል፤ ይታጠባልም።

በአጠቃላይ መጋረጃ የሚመርጥ ሰው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ አራት ነገሮችን ይጠይቅ። ፀሐይ በየትኛው ሰዓት ትገባለች? ከውጭ የሚያይ ማን ነው? አየር በየት ይገባል? በዚህ ክፍል የሚያነብ፣ የሚተኛና የሚታመም ማን ነው? የእነዚህን መልስ ካወቀ በኋላ ለጌጡ ቢያስብ፣ የመረጠው መጋረጃ ለዓይንም ለጤናም የሚስማማ ይሆናል።

የቃላት ፍች
ገበር፦ ከጨርቅ በስተጀርባ የሚሰፋ ሁለተኛ ጨርቅ
ክፈፍ፦ ከግድግዳ ወጣ ብሎ የሚታይ የጣራ ጠርዝ
ገመና፦ ለሌላ ሰው እንዲታይ የማይፈለግ የቤት ወይም የግል ጉዳይ
ርብራብ፦ በመካከሉ ክፍተት እየተተወ የተደረደረ እንጨት

ጥያቄዎች
1. «ከጨርቅ የተሠራ ግድግዳ» የተባለው ምንድን ነው? ለምን?
2. ስስ መጋረጃ ቀን ሸፍኖ ማታ የሚያሳየው በምን ምክንያት ነው?
3. ለድሬዳዋና ለአዲስ አበባ ቤቶች የሚስማሙትን መጋረጃዎች አነጻጽሩ።
4. የክፍላችሁን ወይም የቤታችሁን አንድ መስኮት ለክታችሁ፣ የሚስማማውን መጋረጃ ከነምክንያቱ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።