«ቫይታሚን እኮ ነው፣ ምን ይጎዳል?»

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲከፍት ከልብስና ከጫማው መሀል አንድ ሁለት ብልቃጥ ቫይታሚን አይጠፋም። ለእናት የአጥንት፣ ለአባት የልብ፣ ለእህት የፀጉር እየተባለ ይታደላል። በፍቅር የተሰጠ ነገር ነውና ማንም በክፉ አያየውም። ችግሩ ተቀባዮቹ ብዙ ጊዜ ሐኪም ያዘዘላቸው ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ መሆናቸው ነው። ሁለቱ ይስማሙ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። «ምግብ ማለት እኮ ነው፤ ቢበዛም በሽንት ይወጣል» ተብሎ ይታለፋል።

ይህ እምነት ግማሹ እውነት ነው። ቫይታሚን ሲ እና የቢ ዓይነቶች በውኃ ስለሚሟሙ ትርፋቸው በአብዛኛው በሽንት ይወገዳል። ኤ፣ ዲ እና ኢ ግን በሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ። ቢ6 እንኳ በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭ ይጎዳል። ደግሞም «መልቲቫይታሚን» በሚለው ብልቃጥ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ብቻ አይደለም፤ አይረን፣ ካልሲየም፣ ዚንክና ማግኒዚየምም ብዙ ጊዜ አብረው አሉበት። «የአሜሪካ ዕቃ ነው» የሚለውም ዋስትና አይሆንም። እዚያ አገር በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ምርቶች ለገበያ የሚቀርቡት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ እንደ መድኃኒት መርምሮ ሳያጸድቃቸው ነው።

«እንዳልረሳው ሁሉንም በአንድ ጊዜ እውጠዋለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። አይረን፣ ካልሲየም፣ ዚንክና ማግኒዚየም አንዳንድ መድኃኒቶችን ሆድ ውስጥ አጥብቀው ስለሚይዟቸው መድኃኒቱ በበቂ መጠን ወደ ደም ሳይገባ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የተባሉት አንቲባዮቲኮች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከማዕድናቱ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ይህን ያልተነገረው በሽተኛ መድኃኒቱን በሥርዓት እየዋጠ አይሻለውም፤ «አልሠራልኝም» ብሎ ሌላ ጠንከር ያለ ፍለጋ ይሄዳል።

በእኛ አገር ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው የዶሉቴግራቪር ጉዳይ ይመስለኛል። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚወስደው የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ይህ መድኃኒት ያለበት ነው። በሌላ በኩል ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝና ክትትሏ አይረንና ፎሊክ አሲድ ይሰጣታል። ቫይረሱ በደሟ ያለባት ነፍሰ ጡር ዶሉቴግራቪሩንም አይረኑንም ትፈልጋቸዋለች፤ አንዱንም መተው የለባትም። ምግብ በልታ ከሆነ አብራ ልትውጣቸው ትችላለች። በባዶ ሆድ ከሆነ ግን ዶሉቴግራቪሩ ከአይረኑ 2 ሰዓት መቅደም ወይም 6 ሰዓት መዘግየት አለበት። ማግኒዚየምና አልሙኒየም ላለባቸው የጨጓራ ማስታገሻዎች ግን ምግብ መብላቱ አይበቃም፤ የሰዓቱ ልዩነት ሁልጊዜ ይጠበቃል። ይህን ለመንገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያልተነገራት እናት ግን ቫይረሱን ለመቆጣጠር የሚያስፈልጋት መድኃኒት በደሟ ውስጥ ሊያንስባት ይችላል።

የእንቅርት እጢያቸው ሆርሞን አንሶባቸው ሌቮታይሮክሲን የሚወስዱም እንዲሁ ናቸው። ከአይረንና ከካልሲየም የ4 ሰዓት ርቀት ያስፈልጋቸዋል። ለምሳሌ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ መድኃኒቱን በውኃ፣ 1 ሰዓት ላይ ቁርስ፣ አይረኑን ደግሞ ከምሳ ጋር መውሰድ ይቻላል። ቡናም የዚህን መድኃኒት ወደ ደም መግባት ይቀንሳል፤ ስለዚህ የማለዳው ስኒ ቁርስ እስኪደርስ ይቆይ። አይረንም ቢሆን ከቡናና ከሻይ ጋር አይስማማም።

«ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን አይበላም» የሚለው ሌላው የተለመደ አባባል ነው። ከቶንሲል ጋር በተያያዘው የልብ በሽታ ምክንያት ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመላቸው ብዙ ወጣቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ዋርፋሪን የሚሠራው ደም ለመርጋት የሚጠቀምበትን የቫይታሚን ኬ ሥራ በማስተጓጎል ነው፤ ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው። ሆኖም የሚፈለገው ጎመንን እርም ማለት አይደለም፤ የሚበሉት መጠን ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ማድረግ ነው። በዐቢይ ጾም ጎመን አዘውትሮ የበላ ሰው ደሙ ቶሎ ሊረጋ ይችላል። ሐኪሙ በዚያ ልክ የመድኃኒቱን መጠን ከፍ አድርጎለት ከነበረ፣ ፋሲካ ሲገባና ጎመኑ ሲቀር ደሙ ከሚገባው በላይ ሊቀጥን፣ መድማትም ሊከተል ይችላል። ቫይታሚን ኬ ያለበትን መልቲቫይታሚን በድንገት መጀመርና ማቆምም ይኸው ነው። ስለዚህ ከጾም መግቢያና መፍቻ በኋላ አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ ማሠራት ይገባል። ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኢ ደግሞ ከዋርፋሪንም ሆነ ከአስፒሪን ጋር ሲወሰድ የመድማት አደጋን ይጨምራል።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ቫይታሚን የሚባል አልነካም» ማለትም ስህተት ነው። ለቲቢ አይሶናያዚድ የሚወስድ ሰው ቢ6 አብሮ የሚታዘዝለት እጅና እግሩ እንዳይደነዝዝ ነው። ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚንን ለዓመታት የወሰደ ሰው ደግሞ ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፤ መደንዘዙ ሁሉ የስኳሩ እየመሰለው እንዳይታለል ምርመራ ያስፈልገዋል።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲንም አለ። አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ገደማ ሲሆን፣ በገበያ ያለው አንድ ፍሬ 10,000 ማይክሮግራም ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል ባዮቲን አንዳንድ የላቦራቶሪ ውጤቶችን ያዛባል። የእንቅርት ሆርሞን ምርመራና ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክን) የሚለየው የትሮፖኒን ምርመራ ከእነዚህ መሀል ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 ማስጠንቀቂያ ያወጣው ከተሳሳተ የትሮፖኒን ውጤት ጋር የተያያዘ ሞት ሪፖርት ተደርጎለት ነው።

ሐኪም «የምትወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲል ቫይታሚኑንም ይቁጠሩለት። ስሙን ማስታወስ ከከበደዎት ብልቃጡን በቦርሳዎ ይዘው ይሂዱና ለፋርማሲ ባለሙያው ያሳዩት፤ ስንት ሰዓት ላይ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ እንደሚወሰድ ያስጽፉት። ሐኪም ያዘዘልዎትን ግን በራስዎ አያቁሙ።