በሽታው ሲመጣ የሚያገኘው ሰውነት

አንድ ቫይረስ አንድ ቤት ገብቶ አንዱን ሦስት ቀን አስነጥሶት ያልፋል፣ ሌላውን ኦክስጅን ላይ ያስተኛዋል። ለዚህ ልዩነት ዕድሜ፣ ሥር የሰደደ ሕመምና ክትባት ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው የማያውቅ የለም። ከእነዚህ ጎን ሊቆጠር ሲገባው የተዘነጋ ሌላ ምክንያት አለ፤ ሰውየው ከመታመሙ በፊት በነበሩት ወራትና ዓመታት ምን ያህል ይንቀሳቀስ እንደነበር። ስፖርት ሲነሳ ስለ ውፍረት፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር እናወራለን፤ የሳንባ ምችን ግን አናነሳም። ማንሳት ይገባናል ብዬ አምናለሁ፣ ማስረጃውም ችላ የሚባል አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ በደቡብ ካሊፎርኒያ የካይዘር ፐርማነንቴ የጤና ተቋም መዝገብ ነው። ተቋሙ ለሕክምና የሚመጣን ሰው ግፊቱን ሲለካ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በቀንስ ስንት ደቂቃ ስፖርት እንደሚሠራ ጠይቆ ይመዘግባል። ኮሮና ሲመጣ ተመራማሪዎች ወደዚሁ መዝገብ ተመለሱና እ.ኤ.አ. በ2020 ከጥር እስከ ጥቅምት በቫይረሱ የተያዙ 48,440 አዋቂዎችን መረመሩ። ከወረርሽኙ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ከእንቅስቃሴ ርቀው የኖሩት፣ በሳምንት 150 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይንቀሳቀሱ ከነበሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው 2.26 እጥፍ፣ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ 2.49 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ስኳርና ማጨስ በስሌቱ ውስጥ ገብተው እንኳን ልዩነቱ አልጠፋም። ሰዎቹ መልሱን የሰጡት ከመታመማቸው በፊት በመሆኑ ሕመሙ ትዝታቸውን አላዛባባቸውም፤ ክትባትም ገና ስላልነበረ ነገሩን አላወሳሰበውም። 150 ደቂቃ ባይሞሉም ጥቂት ይንቀሳቀሱ የነበሩት እንኳ ጨርሶ ከማይንቀሳቀሱት የተሻለ ዕጣ ገጥሟቸዋል። ነገሩ በኮሮና ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ2021 ቀደም ያሉ ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ ግምገማ፣ አዘውትረው የሚንቀሳቀሱ ሰዎች በተላላፊ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ31 በመቶ፣ በዚያው የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ37 በመቶ እንደሚያንስ አሳይቷል።

ምክንያቱ በሰውነት ውስጥ ነው። ፈጠን ብለን ስንራመድ ልብ ደምን በኃይል ይገፋል፤ በደም ሥሮች ግድግዳና በጣፊያ (ስፕሊን) ተቀምጠው የነበሩ ነጭ የደም ሴሎች ተነስተው ይዘዋወራሉ፣ ከዚያም ወደ ሳንባና ወደ አንጀት ይበተናሉ። ልክ ዘብ ሰፈሩን ዞሮ እንደሚቃኝ ማለት ነው። የአንዱ ቀን ቅኝት በሰዓታት ውስጥ ያበቃል፤ መደጋገሙ ግን ሌላ ነገር ይገነባል። የሚሠራ ጡንቻ የሰውነትን የማያቋርጥ ብግነት የሚያበርዱ ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃል። በእንግሊዝ ከ55 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው 125 ብስክሌተኞች ሲመረመሩ፣ በዕድሜ የሚከስመው ታይመስ የተባለው ዕጢ አዳዲስ የመከላከያ ሴሎችን ከእኩዮቻቸው በተሻለ ያመርትላቸው ነበር። ደግሞም ከባድ ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ምግብ ሲዘጋው ሰውነቱ ፕሮቲን የሚበደረው ከራሱ ጡንቻ ነው። ያ ስንቅ አልጋ ላይ ከወደቁ በኋላ አይቋጠርም።

ጠንካራው ተቃውሞ እንዲህ ይላል፦ ጤነኛ ስለሆኑ ይንቀሳቀሳሉ እንጂ ስለተንቀሳቀሱ ጤነኛ አልሆኑም። ትክክለኛ ጥርጣሬ ነው፤ መዝገብ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። የሚመልሰው ሰዎችን በዕጣ የሚመድብ ጥናት ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 149 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ጥናቱን ሲጨርሱ፣ ስፖርት የደረሳቸው በጠቅላላው 241 ቀን በጉንፋን ሲታመሙ፣ ምንም ያልተሰጣቸው 453 ቀን ታመዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ስለ ጉንፋን እንጂ ስለ ሞትም አይናገርም። ስለዚህ ለዚህ ጥርጣሬ መልስ ሆኖ በእኔ ሚዛን የሚከብደው ሌላ የማስረጃ ሰንሰለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት፣ በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስና ክብደት መቀነስ የደረሳቸው ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ስኳር ያለበት ሰው በቲቢ የመታመም ዕድሉ ከሌለበት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ቲቢ ገና ባልጠፋበት፣ ስኳርም በከተሞቻችን እየበዛ ባለበት በኢትዮጵያ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው እንቅስቃሴን ከኢንፌክሽን ለይቶ ሊያየው አይችልም።

«ታዲያ ገበሬውና የቀን ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ እየደከመ ለምን በወባና በሳንባ ምች ይሞታል?» የሚል ይኖራል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አገሩን ሲመታም ጎልማሳና ጉልበተኛ የነበረውን አልማረም። ይህ እውነት ነው፤ ከእኔ ክርክር ጋር ግን አይጋጭም። እንቅስቃሴ የተራበ ሰውነትን አይመግብም፣ የቆሸሸ ውኃን አያጠራም፣ አጎበርንና ክትባትን አይተካም። ያለ በቂ ምግብና ያለ ዕረፍት የሚደረግ ሸክም ደግሞ ከሚያጠነክረው ይልቅ የሚጎዳው ይበዛል። እኔ የምናገረው የሚበላው ላላጣ፣ ግን ከቢሮ ወንበር ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሶፋ ለሚሸጋገረው ነው፤ በአዲስ አበባ ቢኖርም፣ በዋሽንግተን ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ቢውልም።

ስፖርት ሲበዛስ አያዳክምም ወይ? እ.ኤ.አ. በ1987 በሎስ አንጀለስ ማራቶን ከሮጡት 12.9 በመቶው በሚቀጥለው ሳምንት መታመማቸውን ሲናገሩ፣ ተዘጋጅተው ሳይሮጡ ከቀሩት ግን 2.2 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በላቦራቶሪ ሲመረመር የሯጮች የጉሮሮ ሕመም በብዛት ጀርም ያልተገኘበት ሆኗል፤ ከሩጫ በኋላ ከደም የሚጠፉት የመከላከያ ሴሎችም ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች እንደሚሄዱ ታውቋል። ቢሆንም 42 ኪሎ ሜትር ማንም አልጠየቀንም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ዓይነት እርምጃ። ጂም አያስፈልገውም፤ ከታክሲ ቀደም ብሎ መውረድ ይበቃዋል።

ብዙዎችን ከእርምጃ የሚያስቀር ሌላ ፍርሃት አለ፤ ላብ ላይ ንፋስ ከመታኝ ሳንባ ምች ይይዘኛል የሚል። ሳንባ ምችን በአብዛኛው የሚያመጡት ባክቴሪያና ቫይረስ ናቸው። ለእነሱ የሚመቻቸው ደግሞ ንፋሱን ፈርተን መስኮቱን ዘግተን የምንተፋፈግበት ሚኒባስ ነው፤ ደጅ የሚራመድ ሰው ከዚያ ትንፋሽ ይርቃል። በላብ የራሰ ልብስ መቀየር ለምቾት መልካም ነው።

ትኩሳት፣ የሰውነት ቁርጥማት ወይም የደረት ሕመም ሲኖር ግን ስፖርት ይቁም። «ሮጬ በላብ አወጣዋለሁ» ማለት አደገኛ ነው፤ አንዳንድ ቫይረሶች የልብን ጡንቻ ያስቆጣሉና፣ በዚያ ሰዓት ልብን ማስጨነቅ እስከ ድንገተኛ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ በአጭር እርምጃ ይጀመራል፤ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ልብ ከመጠን በላይ ከመታ መቀጠል ሳይሆን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው የሚያስፈልገው።