ተጨማሪ መረጃ፦ የትኛው ቁራ?

በሰሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ ጥቁር ወፍ ሲያርፍ ብዙ መንገደኛ «ቁራ ነው» ብሎ ያልፋል። ወፍ ተመልካቾች ግን በዚህ አይረኩም። በኢትዮጵያ ቁራ የሚባሉት ወፎች ከአንድ በላይ ዝርያዎች ስለሆኑ፣ ደብተር ላይ «ቁራ» ብሎ መጻፍ የትኛው እንደታየ አይናገርም።

ስለዚህ ተመልካቾች ሳይንሳዊ ስም ይጠቀማሉ። ይህም የጂነሱንና የዝርያውን መጠሪያ አጣምሮ የያዘ፣ በየትኛውም አገር የማይለወጥ ባለ ሁለት ቃል ስም ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊንየስ በ1758 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጽሐፉ እትም ይህን አሰያየም ለእንስሳት በወጥነት ሠራበት።

ስሙ ቢታወቅም ወፉን መለየት ዓይን ይጠይቃል። ኮርቨስ ክራሲሮስትሪስ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነዋሪ ነው፤ ምንቃሩ ግዙፍና ቆልመም ያለ፣ ጫፉ ነጣ ያለ ሲሆን ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። የኮርቨስ አልበስ ነጭ ላባ ግን ደረቱን ሸፍኖ አንገቱን ይዞራል። ኮርቨስ ሪፒዱረስ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው፤ ጅራቱ በጣም አጭር በመሆኑ ሲበር ክንፍ ብቻ ይመስላል።

ፀሐይ ከወፉ በስተጀርባ ስትሆን ነጩም ጥቁሩም አይለይም። ያኔ ልምድ ያላቸው ተመልካቾች ቀለሙን ትተው ቅርጹን ያያሉ።

ሞክሩ፦ በአካባቢያችሁ ቁራ ስታዩ የምንቃሩን ውፍረት፣ የጅራቱን ርዝመትና ነጭ ላባ ካለው ቦታውን በሥዕል አስፍሩ። ከዚያም ሥዕላችሁን ከጓደኞቻችሁ ሥዕል ጋር አነጻጽሩ፤ ያያችሁት አንድ ዝርያ ነው?